ጋሼ የደበቁት ወረቀት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ቢቸና

የጡቴ ናሙና ውጤት ከመጣ ሳምንት አልፎታል። ከሞጣ ሆስፒታል የተቀበሉት እዚያው የሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ በስልክ «ገና አልመጣም» እያሉ አቆዩኝ። በእኛ አገር ክፉ ሕመም ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ትናንት ሐኪሟ ደውላ ለምን እንደቀረሁ ስትጠይቀኝ ነገሩ ገባኝ።

ዛሬ ማልጄ በአውቶቡስ ሞጣ ሄድኩ። ወረቀቱ በጋሼ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር።

«ካንሰር ይላል። ምን ብዬ ልንገርሽ?» አሉኝ ፊታቸውን አዙረው።

አብረን ሐኪሟ ዘንድ ገባን። ካንሰር መሆኑን አልሸሸገችኝም። ቀጥላ ግን ጋሼ አንብበው ያልጨረሱትን መስመር በጣቷ አሳየችን፤ የሰውነቴ የመከላከያ ሴሎች ዕጢው ውስጥ በብዛት ገብተዋል።

«ለእርስዎ ዓይነቱ ካንሰር ይህ ጥሩ ምልክት ነው። መድኃኒቱም የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ዋስትና ግን አይደለም» አለችኝ።

ዋስትና አልጠየቅኋትም። ጋሼ ክፉውን የደበቁልኝ መስሏቸው ደጉንም ደብቀውብኝ ከርመዋል። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ውጤት ስጠብቅ ሴሎቼ ማንንም ሳይጠብቁ ውጊያ ገብተዋል።

ሰኞ ባሕር ዳር ሕክምናውን እጀምራለሁ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉኝ መናኸሪያው በር ላይ።

«ይምጡ፤ ወረቀቱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው» አልኳቸው።