አንድ ቅጂ ለአርባ ሁለት

መጋቢት 14 ቀን 2007፣ ቡታጅራ

ዛሬም የምሠራበትን የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ክፍል ጠርጌ፣ ኪቦርዶቹን ወልውዬ ጀመርኩ። አርባ ሁለት ኮምፒውተር፣ አርባ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አስተማሪ ግን የለም። የሒሳብ መምህሩ ያረጋል ወደ ቆሼ ከተማ ተዛውሯል። ደግነቱ ትምህርቱን በሙሉ በቪዲዮ ቀርጾ በዲቪዲ ትቶልን ሄደ። እኔ ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከ"ሽማግሌው"፣ ለሁሉም እልካለሁ።

እልካለሁ ማለት... አሥረኛው ልጅ ሲከፍት ሽማግሌው ያቃስታል። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እህቴ ዛህራ ማዳመጫዋን አውልቃ፣ "ዘይባ፣ 'ስለዚህ' ይልና ይቆማል። ስለዚህ ምን?" አለችኝ። ምን ልበላት? ፈተናው ሁለት ወር ነው የቀረው።

መጋቢት 17

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተወልድ፦ "አሥር አሥር ሆነው በተራ ይግቡ።" ለዛህራ በአምስት ቀን አንዴ ሊደርሳት ነው። ሒሳብ ደግሞ ያስለቅሳታል። "እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ አስተካክለዋለሁ" አልኩ። አፌን ምን ነካው?

መጋቢት 23

ኔትወርኩ አይደለም! ገመዱ ግማሹ ባዶ ነው። የሚያቃስተው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ነው፤ መቶ ከመቶ። ምን እየሠራ?

መጋቢት 25

አገኘሁት። ማመን አቃተኝ... እየገለበጠ ነው! ቪዲዮው ከዲስክ ወጥቶ ከርነሉ ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል። (ከርነል ማለት የኮምፒውተሩ የውስጥ አዛዥ።) ከዚያ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም "ስጠኝ" ይለዋል፤ ከርነሉ ገልብጦ ይሰጠዋል። ፕሮግራሜ አያየው፣ አይነካው... "በል ላክልኝ" ብሎ ይመልስለታል። ከርነሉ እንደገና ይገለብጣል። ለአርባ ሁለት ልጅ፣ አርባ ሁለት ጊዜ! ይህን ከንቱ ልፋት ያሸከምኩት እኔው ነኝ። ሽማግሌውን ይቅርታ ልጠይቀው?

ሚያዝያ 3

ለፋሲካ ትምህርት ተዘግቷል። ብቻዬን ሳነብ ዋልኩ።

ከርነሉ አንድ ትእዛዝ አለው፤ ሴንድፋይል ይሉታል። "እዚህ ቦታ ያለውን፣ ይህን ያህል፣ ወደዚያ ላክ።" በቃ። ዕቃው ወደ ፕሮግራሜ አይመጣም። ወደ ገመዱ የሚያወጣው ኔትወርክ ካርድ አድራሻውንና መጠኑን ብቻ ይቀበልና ራሱ ካለበት ያነሳዋል። ሜሞሪ ላይ አንድ ቅጂ፤ አርባ ሁለቱም ከዚያችው። ሱብሐነላህ! ማን አሰበው? ከፕሮግራሜ አርባ መስመር አጥፍቼ አራት ጻፍኩ።

ሚያዝያ 6

ሠላሳ ልጆች አንድ ላይ ከፈቱ። ፕሮሰሰሩ ስድስት ከመቶ። የተሳሳተ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አየሁት።

ሚያዝያ 8

ጉድ ሆንኩ።

ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ የነገውን ትምህርት ከዲቪዲው የምጽፈው በዛሬው ፋይል ላይ ነው፤ ልጆቹ እያዩ ቢሆንም። ድሮ ፕሮግራሜ የራሱን ቅጂ አስቀድሞ ስለሚይዝ ምንም አይሆንም ነበር። ዛሬ ግን ያረጋል ተናግሮ ሳይጨርስ የነገው ትምህርት ገባበት፣ ምስሉ ተመሰቃቀለ። ዛህራ አለቀሰች። "ይሄን ነው አሻሻልኩ የምትዪው?" አቶ ሀብተወልድም ደረሱ። "እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ በተራ ይገባሉ" ብለውኝ ሄዱ።

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

አባዬ በርበሬ ነጋዴ ነው። ገዢው ሲስማማ የጆንያውን አፍ በራሱ ክር ያስራል፤ መኪና እስኪመጣ ጆንያው እኛ ቤት ይቆያል። ዛሬ እናቴ ለወጥ ብላ ከታሰረው ጆንያ ሁለት እፍኝ ስትወስድ ደረሰባት።

"ሰፍያ! ወላሂ አሳፈርሽኝ። ቤታችን ስለተቀመጠ የእኛ ነው? የሰውየው ክር አለበት እኮ!"

"ሁለት እፍኝ ነው፣ ሰማን..."

"ጭኖ ወስዶ 'ደረሰኝ' እስኪለኝ እጅ አይገባበትም!"

ክው አልኩ። ለካ ይህ ነው! ካልገለበጥኩ ዕቃው እኔ ጋ አለ፣ የእኔ ግን አይደለም። የመጨረሻው ልጅ እስኪደርሰው ፋይሉን መንካት የለብኝም። "አባዬ፣ ገባኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ? በርበሬው ዓይንሽ ውስጥ?"

ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው... እያየሁት እንባዬ መጣ። እሱ ግን በርበሬው መስሎት ውኃ አቀበለኝ።

ሚያዝያ 12

ለየትምህርቱ የራሱ ፋይል። የመጨረሻው ልጅ ሳይጨርስ አይነካም። ቦታ ከየት? ያጠራቀምኳቸውን ፊልሞች በሙሉ አጠፋሁ። ቆጨኝ? ትንሽ።

አርባ ሁለቱም ገቡ። አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን አጣምረው አጠገቤ ቆሙ። "እኩል ክፈቱ" አልኩ። ፕሮሰሰሩ... ስምንት። አሥር ደቂቃ። ሃያ። ማዳመጫውን የሚያወልቅ የለም። እኔ ምንም አልሰማም፤ በአርባ ሁለት ስክሪን ላይ የያረጋል ከንፈር እኩል ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። ፈራሁ። ደስታም ነው፣ ፍርሃትም ነው።

ድንገት ያረጋል ከሰሌዳው ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ልጆቹ እጃቸውን አወጡ። ሠላሳ ምናምን እጅ፣ በአንድ ሰከንድ! "የገባው እጁን ያውጣ" ብሎ ኖሯል።

አቶ ሀብተወልድ በሹክሹክታ፣ "ለማን ነው የሚያወጡት?"

"ለያረጋል።"

"እሱ ቆሼ አይደል እንዴ?"

እኔ ዛህራን ነው የማየው። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች፣ ከንፈሯ ያሰላል... ፊቷ ቀስ እያለ ተፈታ።

ከዚያ እጇን አወጣች።