ስም ያገኘው ሕመሜ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6
እዚህ አውስትራሊያ፣ ሆባርት ከተማ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አውቶቡሴን እንደወትሮው ነዳሁ። ጠዋት ሁለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ ቀትር ላይ ሁለት። ሾፌር ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ የት ይኬዳል? መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እስር ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 9
አቆምኩ... ድልድዩን እንደተሻገርኩ ከእምብርቴ በታች በቢላ የቀደዱኝ መሰለኝ። ጥግ ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ። አሥራ ዘጠኝ ተሳፋሪ። አንድ ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ጠጥተሻል እንዴ?” አሉኝ። መተላለፊያው ላይ ተጠቅልዬ ተኛሁ።
አለቃዬ ዳረል ደግሞ፣ “ጄኒን፣ በየወሩ ሆዴን ሆዴን! ሌሎቹስ ሴቶች አይደሉም?” ብሎ የሐኪም ወረቀት እስካመጣ መሪ እንዳልነካ አዘዘኝ።

እሑድ፣ ሜይ 11
የእናቶች ቀን። ለእማዬ አበባ ይዤ ሄድኩ። ነገርኳት። “የሴት ነገር ነው፣ ቻዪው” አለች። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ይቺው ናት መልሷ። ጥርሴን ነክሼ ጥብሷን በላሁ።

ሐሙስ፣ ጁን 19
ትናንት ሐኪሞች በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ሆዴን አዩ፤ ያገኙትንም አወጡ። በሽታው አለ! ስሙም ኢንዶሜትሪዮሲስ። አልዋሸሁም። አለቀስኩ... በበሽታ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ረቡዕ፣ ጁላይ 2
መኪናውን የነዳችው እማዬ ስለሆነች ዶክተር ሜይሊን ጋ አብራኝ ገባች። ዶክተሯ እየሣለች አስረዳችን። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ነገር ውጭ፣ አንጀቴ አጠገብ በቅሎ ነበር። ነጭ የደም ሕዋሶቼ ጠርገው ሊያጠፉት ይገባ ነበር። አላጠፉትም። ጭራሽ አካባቢውን እያስቆጡ የደም ሥርና ነርቭ እንዲያበቅል ያግዙት ነበር።
“መከላከያዬ ደካማ ነው ማለት ነው?”
“ደካማ እንኳን አይደለም፣ መንገድ ስቷል። ለምን እንደሳተ ገና እየተጠና ነው።”
“ሁልጊዜ የሚጥለኝ ድካምስ?”
“እሱም ከዚያው ሊሆን ይችላል።”
“ያወጣችሁት ተመልሶ ይመጣል?”
“ሊመጣ ይችላል።”
በገዛ ሰውነቴ ውስጥ ተቆልፎብኛል። ከዚህስ በየት በኩል ይወጣል?
መኪና ውስጥ ብንገባም እማዬ ሞተሩን አላስነሳችም። መሪውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።
“እኔም እንዲሁ ነበርኩ” አለች። “‘ነርቭሽ ነው’ ሲሉኝ ኖሩ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ማህፀኔን አወጡት። ምን እንዳገኙ የነገረኝ የለም።”
“ለምን አልነገርሽኝም?”
“የቻልኩት መስሎኝ... አልቻልኩትም ነበር፣ ልጄ።”

ሰኞ፣ ኦገስት 18
የቀዶ ጥገናው ቁስል ሲድን የሐኪም ወረቀቱን ለዳረል ሰጠሁት። እማዬ፣ ውጭ ጠብቂኝ ብላት እምቢ ብላ ተከትላኝ ገባች።
“ይሄ እንግዲህ ሴቶች...” ብሎ ሲጀምር፣ “ቁጭ በል፣ አስረዳሃለሁ” አለችው። የአውቶቡስ ሰዓት ዝርዝሩን ገልብጣ ጀርባው ላይ ማህፀን ሣለች። አንጀት ሣለች። ነጭ የደም ሕዋሶቹን ድንች አስመሰለቻቸው። የዳረል ጆሮ ቀላ።
“ገባኝ እኮ፣ ወረቀቱ ይበቃኛል! አጭር ፈረቃ እሰጣታለሁ።”
“ገና አልጨረስኩም!”
ቆሜ ነበር። ተነሳብኝ... ያው ቢላ። እማዬ ፊቴን አየች።
“አመመሽ?”
“አዎ።”
ዳረልን ከወንበሩ አስነስታ እኔን አስቀመጠችኝና ሥዕሏን ቀጠለች።