በዓይን የቆረጥሁት ማሲንቆ

መጋቢት 8፣ 2001። ከቀኑ 9 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ማውሱን በሁለት እጄ ያዝሁት። ሦስተኛ ቀኔ። የኮምፒዩተር አስተማሪያችን መ/ርት ሰናይት አሳየችኝ፦ ድምፁ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይዘረጋል፤ የማትፈልጊውን ትመርጫለሽ፣ ትቆርጫለሽ። ለሷ ጎመን መቀንጠስ ነው። እኔ ስፖርትና ውዝዋዜ የማስተምር ሰው፣ የት/ቤቱን ዕቃ አቃጠለች እንዳልባል እፈራለሁ።

ሥራው፦ የገነተ ማርያም መንደሩ ሽማግሌ የአያ ይመር ማሲንቆ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ጥር ላይ በሞባይሌ ቀዳሁት፤ ሰናይት ኮምፒዩተሩ ላይ ገለበጠችልኝ። ለልጆቹ እስክስታ አምስት ይበቃል። ከፋሲካ በኋላ ወልድያ ለውድድር እንሄዳለን። አያ ይመር ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ሽባ ሆኗል። ሌላ ቀረጻ የለም። ጥንቃቄ! ሦስት ጊዜ አሰመርሁበት።

መጋቢት 10

የኮምፒዩተር ክፍሉ መንገድ ዳር ነው። ቄሶቹም ተሳላሚውም በመስኮቱ ሥር ያልፋሉ። በሁዳዴ የእስክስታ ዘፈን ከፍታ ተገኘች ከተባልሁ አለቀልኝ፤ ላሊበላ ላይ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የጆሮ ማዳመጫ የለም። ድምፁን ዘጋሁት። በዓይኔ ቆረጥሁ። ምን ይከብዳል? ሰማያዊው መስመር የወፈረበት ዜማ፣ የቀጠነበት ባዶ። ባዶ ባዶውን ለቀምሁ፤ መጨረሻውንም ቀነስሁ። ልክ አምስት ደቂቃ። ሴቭ። ብቻዬን! ሞባይሌ ሞልቶ ስለነበር እዚያ የቀረውን ቅጂ አጠፋሁት። ኮራሁ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ሰናይት ማዳመጫ ከቤቷ አመጣች። ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ደብተሬ፣ ምን ሠራሁ? ባዶው ባዶ አይደለም። አያ ይመር ደጋኑን ከማሲንቆው ጭራ አንሥተው ዝም የሚሉበት ነው። ትከሻ ተሰቅሎ የሚቆየው፣ ትንፋሽ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። እዚያው ውስጥ በቀስታ «በል!» ይሉ ነበር። አሁን ዜማው ሳይተነፍስ ይሮጣል።

መልሺልኝ አልኋት። የመጀመሪያው ፋይልስ? አለች። በዚያው ስም ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ሰናይት ማውሱን ለቀቀች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 15

በግምት ጸጥታ ሰካሁበት። የሳቸው ዝምታ ግን አንዱ ከአንዱ አይተካከልም። ሁለት ልጆች ይዤ፣ በር ዘግቼ ሞከርሁት። የአንዷ ትከሻ ሲወጣ የሌላዋ ይወርዳል። ቲቸር፣ ሰውየው ምነው ተጣደፉ? አለችኝ አንዷ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ገበያ ውስጥ የአያ ይመር ልጅ ጥሩወርቅ ያዘችኝ። ከባቄላ ሻጮቹ ኋላ ልሸሸግ ስል ነው ያየችኝ! አባቷ ማሲንቆውን ከግድግዳ አውርደው ለዘመድ ሰጡት አለች። አልከፋቸውም? አልኋት። ሳቀች። ለጠያቂው ሁሉ «እጄ ቢሞት ድምጤ ላሊበላ ተቀምጧል» ይላሉ አሉ። ለፋሲካ እንዳሰማቸው አደራ ብለዋል። አደራ! እሺ አልሁ። አፌ ነው እሺ ያለው።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ሰበብ ስፈጥር ዋልሁ። ኮምፒዩተሩ ተበላሸ። ቫይረስ በላው። ማን ይጠይቀኛል፣ ቫይረስ የማይበላው የለም። ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ።

ማታ፦ የዝምታውን ልክ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እጃቸው እንጂ አፋቸው አልታሰረም። የተረፈውን ዜማ ካሰማኋቸው የት የት እንደሚያቆሙ ሊነግሩኝ ይችላሉ። ለዚህ ግን መጀመሪያ እኔ መናገር አለብኝ። ፊታቸውን ቢያዞሩብኝስ? ቢያለቅሱስ? ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አልችልም።

መጋቢት 21። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ፈቃድ ወስጃለሁ። ገነተ ማርያም እሄዳለሁ። ሰናይት አብሬሽ ልሂድ አለች፤ እንቢ አልሁ። የቆረጥሁት ብቻዬን ነው። የተረፈውን በሞባይሌ ይዣለሁ፤ ሳልናገር ግን አልከፍተውም። ፋሲካ ድረስ አላስጠብቃቸውም። አያ ይመር፣ ድምፅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ኮምፒዩተሩ አይደለም። ይችን ብቻ እላቸዋለሁ። ልውጣ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።