መኪና ገጭቷት ይቅርታ ስለጠየቀችው ናጂያ

ለተከበሩ የትራፊክ አደጋ ምርመራ ኃላፊ
አማን ከተማ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለልጆችዎና በተለይም ለመኪናዎ ፍሬን ፍጹም ጤና እመኛለሁ። እኔ ግን ካለፈው ሳምንት ወዲህ ከኋላዬ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ከብስክሌቴ ዘልዬ ቦይ ውስጥ እገባለሁ። ከስዌይለህ ሰፈር እስከ ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር ድረስ የፎቅ ደረጃ ልናጸዳ በብስክሌት የምንመላለስ ሁለት ሐበሾች ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላዋ መኪና ከኋላዋ የገጫት ናጂያ ናት። አደጋውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝና ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ብስክሌተኛም በመንገዱ መብት አላት ብለው ስላጽናኑን እግዜር ይስጥልኝ። ለሹፌሮቹም ሹክ ቢሉልን ደግ ነበር። መሃል ስንሄድ በጥሩንባ ያባርሩናል፤ ዳር ስንይዝ የቆመ መኪና በሩን ይከፍትብናል፤ እግረኛ መንገዱ ላይ ብንወጣ ደግሞ መሃሉ ላይ ዛፍ ተተክሎ ይጠብቀናል።

2. ባልደረባዎ ፈጥነው በመድረሳቸው ተደንቀናል። የመኪናውን ታርጋ ከማየታቸው በፊት «ከፊላችን»፣ ማለትም ዋስ የሆነን አሠሪ፣ ማን እንደሆነ ጠየቁን። ሹፌሩም የመኪናውን የፊት መከላከያ ዳብሶ «በሲጣ» አለ፣ ቀላል ነው ማለቱ ነው። ስለ መኪናው ነበር።

3. ናጂያ አስፋልት ላይ ተዘርራ፣ እግሯ ያለቦታው ታጥፎ፣ ሹፌሩን «አሲፋ» አለችው፤ ይቅርታ። ባልደረባዎም ጥፋቷን አምናለች ብለው ጻፉ። ክቡርነትዎ፣ እኛ ሰው ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንማረው ዓረብኛ ይህ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር አሲፋ፣ ልጅ ሲያለቅስ አሲፋ፣ መዳም ራሷን ሲያማት አሲፋ። አመል ሆኖብን ሳናስበው ያመልጠናል። ኧረ ስለ ፈጣሪ! ከፊት የምትሄድ ሴት ከኋላዋ ያለን መኪና እንዴት አድርጋ ትገጨዋለች?

ይኸው ጥፋተኛ ተብላ፣ የመኪናው ኢንሹራንስም አያሳክማትም ተብሎ፣ እግሯ እንዳበጠ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። እዚህ አገር የሥራ ቀን በሆነው እሁድ ቀርቤ ካልመሰከርኩ መዝገቡ ይዘጋል ብለውኛል፤ ስለ ቀጠሮው አመሰግናለሁ። ምስክር በርዎ ላይ ስትደርስ ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነው፤ የእኔ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። መግቢያውን አሳይተውኛል፣ በየት እንደምወጣ ግን አልነገሩኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሏል። ናጂያ ቅሪ ትለኛለች፤ እግሯን ሳየው ደግሞ መቅረት አልችልም።

ከመንገዱ ዳር፣ ከዳሩም ዳር፣ ከቦዩ አፋፍ ላይ ሆና በትሕትና እጅ የምትነሳዎ፣
ስሟን እሁድ በአካል የምትነግርዎ ብስክሌተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአማርኛ የጻፍኩት ከእሁድ በፊት እንዳያነቡት ነው። የዓረብኛው ቅጂ አብራን በምትኖረው ኤልሳቤት እጅ ይገኛል፤ እሁድ እስከ ማታ ካልተመለስኩ ለከተማው ሁሉ ትበትነዋለች። እስከዚያው ናጂያ፣ ቅሪ ብትለኝም፣ ፍራሿ ላይ ሆና እያለማመደችኝ ነው፤ እርስዎ ቢቆጡም፣ ጠረጴዛ ቢመቱም፣ አሲፋ እንዳልል።