ለእረፍት ብዬ ጎርጎራ የሄድሁ ጊዜ

ይድረስ ላባዬ፤

«እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ እምቢ አለኝ። ለሞተ ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ ስምንተኛ ክፍል አላስተማሩንም። ስምንተኛን ደግሞ ሁለት ዓመት ነው የተማርሁት፤ ቢያስተምሩን ኖሮ አንዱ ዓመት ላይ እሰማው ነበር። በደፈናው እኔ አለሁ፤ እማዬም አለች። አንተ ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ቤቱ ያው ነው ብልህ ውሸት ነው። የጓሮውን ግድግዳ ክረምቱ በልቶት በቆርቆሮ ደፈንነው። ውሻህ ከሰው ሁሉ ተኳርፏል። የገመድ አልጋህን፣ አንገረቡን፣ እኔ ወረስሁት፤ ባንተ ወገብ ልክ ስለጎደጎደ ስተኛበት ጭልፋ ላይ የቀረች ምስር ነው የምመስለው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ትስቅ መስሎኝ ነበር። ተነሥታ ወጣች። ሰሊጡ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ በሚመጣው ሳምንት ማጨድ እንጀምራለን። ያለ አንተ የመጀመሪያዬ ነው። አልፈራሁም ብልህ አታምነኝም፤ እንኳን አንተ ውሻው አያምነኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ፤ ድምፅህን ሰርቄሃለሁ።

ድሮም ድምፅህን እንደማወጣ ታውቃለህ። ከሰሊጡ ክምር ጀርባ ተደብቄ ባንተ ድምፅ «ተነሡ!» ስል፣ ጥላ ስር ያረፉት የቀን ሠራተኞች ሁሉ ማጭዳቸውን ይዘው ብድግ ሲሉ፣ አንተ ዱላ ይዘህ ስታባርረኝ፣ መሐል ላይ ሣቅህ አሸንፎህ ስትቀመጥ። ይኸው ነው የሰረቅሁት።

ስትሞት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እትዬ ብርቄ፣ እህትህ፣ ሐይቁ ዳር ጎርጎራ ሆነው ምንም አያውቁም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ጎረቤት ሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚያረዳው። «መንገዱ እስኪከፈት አንድም ሰው እንዳይነግራት» ተባለ። በቀበርንህ በሦስተኛው ቀን ስልክህ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ካልተነሣ እንደሚጠረጥሩ ሁላችንም አውቀናል፤ እማዬ ስልኩን እንደ እባብ ታየዋለች። እኔ አነሣሁትና ጉሮሮዬን እንዳንተ ጠርጌ «እታለም» አልሁ።

የደወሉት ይቅርታ ሊጠይቁህ ነው፣ አባዬ። በመጨረሻ ስታወሩ የተባባላችሁትን ታስታውሳለህ። የእናታችሁ ተዝካር ላይ ካልመጣህ ብለው፣ አንተ «ሰሊጡ ደርሷል፤ ዛሬ ካላጨድሁት ነገ መሬት ላይ ይረግፍብኛል» ስትላቸው፣ «ሰሊጥህ ይቅበርህ!» ብለው ነበር የዘጉብህ። እኔ አጠገብህ ነበርሁ፤ ሰምቻለሁ። እንግዲህ እያለቀሱ «አፌን ይቁረጠው፣ ወንድምዓለም፤ ይቅር በለኝ» ሲሉኝ ምን ልበል? ባንተ ድምፅ «ኧረ ተይው እታለም፣ ኸላስ!» አልኋቸው። ሱዳን ድንበር ኖረህ አነጋገርህ ሱዳን ሱዳን መሽተቱን ሁሌ ይስቁብህ የለ? ሣቁ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወጣች።

አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የታሰበው። መንገዱ በሁለተኛው ወር ተከፈተ፤ ግን ማንም አልሄደም። እኔም በየእሑዱ አንተን ሆንሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእሳቸው ብዬ ብቻ አይደለም። «ወንድምዓለም» ሲሉኝ ያችን ግማሽ ሰዓት ያለህ ይመስለኝ ነበር። እማዬም አልከለከለችኝም። ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ግን «አሁንስ ይወቁ፤ አንተው ሂድ» አለችኝ። «ሽማግሌ ከሄደ ከሩቁ መርዶ መሆኑ ይታወቃል። አንተን ያየ ማንም ሐዘን አያስብም።» ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም። ለሰፈሩ ሁሉ ለእረፍት ሐይቅ ዳር ልሄድ ነው ብዬ አወጅሁ። ጓደኞቼ «ሰሊጥ ሊታጨድ ሲል የሚያርፍ ሰው ካንተ አየን!» ብለው ሣቁብኝ። ከድንበሩ ገበያ ቀይ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ገዛሁ። ጥቁሩን ሸሚዝ ከሻንጣው ስር አጥፌ ከተትሁት። ስልክህን ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ሳላጠፋው፤ ድንገት ቢደውሉስ ብዬ። ይኸ ነው ጥፋቴ።

ሸሕዲን አለፍን፣ አይከልን ወጣን፣ አዘዞ ላይ ወርጄ ሌላ ሚኒባስ ያዝሁ። ብርድ ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ። ሐይቁን ሳየው ደግሞ ተሳደብሁ። ላንተ ነው የተሳደብሁት፤ ወዲያ ማዶው አይታይም ስትለኝ ጉራ መስሎኝ ስንት ዓመት ስስቅብህ ኖርሁ! ሰሊጡን ሸጠን አብረን እንሄዳለን ያልኸው ይኸን ነው? ብቻዬን ዳሩ ላይ ቆሜ፣ በቀይ ኮፍያ፣ ሰው ሁሉ ጎብኚ መስዬው ታንኳ ላከራይህ እያለ ይከተለኛል።

እትዬ ብርቄ ሲያዩኝ እልል አሉ። «ቀልማዳው መጣ! አባትህስ?» «ሰላም ይልዎታል» አልሁ። ነገ ጎረቤት ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ አልሁ። በነጋታው ዓሣ ጠበሱልኝ፤ ዓሣ እየበሉ መርዶ አይነገርም ብዬ ተውሁት። በሦስተኛው ቀን ጉማሬ ለማየት ልሂድ ብዬ ወጣሁ፤ ሰበብ አያልቅም።

ከዚያ የቆላ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁ። ሐይቁ ዳር የለመለመ መስክ አየሁ፤ ሐምራዊ አበባ ሁሉ አለው። ጋደም ልበል ብዬ ስረግጠው እስከ ብብቴ ገባሁ! ለካ መሬት አይደለም፤ እምቦጭ የሚሉት አረም ነው፣ ውኃው ላይ ተኝቶ። ዓሣ አጥማጆች በገመድ ጎትተው አወጡኝ። ኮፍያዬ እዚያው ቀረ።

ኮቴን ቤት ትቼው ነው የወጣሁት፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እየተንጠባጠብሁ ስገባ እትዬ ብርቄ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ዕንባቸው እስኪመጣ። «ይህንማ ለወንድሜ አሁኑኑ ነው የምነግረው!» ብለው ስልካቸውን አወጡ። አንድ ቁጥርን ተጭነው ሲይዟት ወደ አንተ እንድትደውል አድርገህ ሰጥተሃቸው የለ? ተጫኗት።

ኮቴ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።

ያን የዶሮ ጥሪ እኔ ነበርሁ አንተን ለማናደድ ስልክህ ላይ የጫንሁት፤ እንዴት እንደሚቀየር ሳታውቅበት ቀረህ። እትዬ ብርቄ መጀመሪያ «እሽ! ዶሮው ደግሞ በየት ገባ» ብለው ኮቱን በነጠላቸው መቱት። ዶሮው አላቆመም። በአንድ ጆሯቸው ስልካቸውን እንደያዙ፣ አንተን እየጠበቁ፣ ተጠግተው እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ። ስልክህን አወቁት፤ ያ በአረንጓዴ ላስቲክ የታሰረው። «ስልኩን ላንተ ሰጥቶህ ነው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። አዎ ብል ያልቅ ነበር፣ አባዬ። ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ ግን ያንተ ሳል ወጣ። ዓመት ሙሉ በስልክ የሰሙት ሳል፣ ፊታቸው ከቆመ ርጥብ ልጅ አፍ።

ጎህ ሲቀድ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ሽማግሌ የለ። እንዲህ ነው እህትህ የተረዱት። ጩኸታቸውን ሰምተው ነው ሰዎቹ የመጡት። ጥቁሩን ሸሚዝ በርጥብ ሰውነቴ ላይ ለበስሁት።

ስለ ድምፁ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጥር ላይ ሰርግ ጨፍሬያለሁ። ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ጨፍሬያለሁ።»

ኋላ ለቀስተኛው ፈንጠር ሲል ጠጋ አሉኝ። «ሰሊጥህ ይቅበርህ ካልሁት በስንተኛው ቀን ነው?» «በአራተኛው» አልሁ። አፋቸውን በመዳፋቸው መቱት፤ ደጋግመው። «በአፌ ቀበርሁት!» እጃቸውን ያዝሁና እውነቱን ነገርኋቸው፦ ከመደወላቸው ሁለት ቀን በፊት ወባው ጥሎህ ነበር። በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንበህ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እንዳይሰሙ ብለህ ነው በአጭሩ ያወራሃቸው። ጭንቅላትህ ላይ ወጥቶ ነው የገደለህ፤ እርግማን አይደለም።

ትክ ብለው አዩኝ። «ዓመት ሙሉ ወንድሜን ሆነህ ያታለልኸኝ ልጅ ነህ። ዛሬስ በምን ልመንህ? ማልልኝ!»

እኔ የማውቃት መሐላ አንዲት ናት፤ አንተም ታውቃታለህ። ስኳር ስሰርቅ፣ ከትምህርት ቤት ስቀር፣ በግህን ስጥል የማልሁባት። «አባቴ...» አልሁ። ይሙት የሚለው አልወጣ አለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ሌላ የምምልበትም አጣሁ። እትዬ ብርቄ መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑት። ማመናቸውን አላውቅም ነበር። በማግስቱ ግን አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ «ምን አገኘው?» ሲላቸው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ «ወባ ነው። እኔ ሳልደውልለት ሁለት ቀን ቀድሞ ታሞ ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

አባዬ፣ ሙት ዓመትህ ላይ ይመጣሉ። ስልክህን እሳቸው ጋ ተውሁት። ከእንግዲህ ባንተ ድምፅ አልናገርም፤ ለቀልድም ቢሆን። እሑድ እሑድ በራሴ እደውልላቸዋለሁ፤ የደከምህበትንም፣ የታመምህበትንም፣ የሣቅኸውንም ሁሉ እንዳለ አወራቸዋለሁ። ከአፌ የሚጠፋው ድምፅህ ነው እንጂ ስላንተስ ዝም አልልም።

ልጅህ