የደበቅኩት ከዘራ

ልጄ ኬኔ፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ነቀምቴ ዝናቡ ገብቷል፤ ማንጎሽም አፍርቷል።

«ፊዚዮቴራፒ ልማር» ስትዪኝ «እግር ለማሸት ነው ባሕር የምትሻገሪው?» ብዬ ማስከፋቴ ይቆጨኛል። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ያልነካሁትን ከዘራውን ትናንት አነሳሁት። የተሰበረ እግሩ በወጌሻ እጅ ገጥሞ እንኳ ጠያቂው ሁሉ «ይተኛ» ስላለኝ፣ እንዳይነሳ ብዬ የደበቅኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ ግን በስምንት ዓመትሽ፣ እየተቆጣሁሽ፣ ትከሻሽን አስደግፈሽ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያልሽ እርምጃውን እየቆጠርሽ እስከ ማንጎው ታደርሺው ነበር። ለካ ሙያሽን ያኔ መርጠሽው ኖሯል።

አሁን የእኔም ጉልበት እምቢ ብሏል። በዚያው ከዘራ እየቆጠርኩ እራመዳለሁ፤ ስድስት ላይ ይደክመኛል። ዋቃዮ እጅሽን ይባርክልሽ። ስትመጪ ከሰባት ጀምረሽ ቁጠሪልኝ።

እናትሽ ኢቢሴ