ሮማን ትንፋሿን ዋጠች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

ዛሬ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ አማርኛ ከማስተማሬ በፊት ልጆቹን ላረጋጋ ብዬ፣ አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ያሳየችኝን ዘዴ ሞከርኩ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ዝም ብላችሁ ትንፋሻችሁን አዳምጡ» አልኳቸው። ጸሎት መስሏቸው እጃቸውን አቆላልፈው አንገታቸውን ደፉ። አንዱማ «አሜን!» ብሎ ሊያስቀኝ ነበር።

ሮማንን ያየኋት ያኔ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአገር ከወጣች ገና ሁለት ወሯ። ትንፋሿን ውጣ ፊቷ ተለዋውጧል። ደንግጬ ትከሻዋን ያዝ ሳደርጋት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ቲቸር፣ ሄዱ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሄደዋል» አልኳት፣ እነማን እንደሆኑ ሳላውቅ።

እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ነገርኳት። «ድንበር ስናቋርጥ ወታደሮች አጠገባችን አለፉ። ‹ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ዝም በይ፣ እንዳትተነፍሺ› ያልኳት እኔው ነኝ፣ እህቴ» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምን አለ አስቀድሜ ብጠይቅ!

የሚመጣው ቅዳሜ ልጆቹን ሁሉ ወደ ግቢው አወጣቸዋለሁ። ዓይናቸውን ከፍተው፣ እየሮጡ፣ እየጮኹ ይተንፍሱ። አስካሪው፣ የበሩ ዘበኛ፣ ረበሹኝ ካለ እኔ አለሁለት።